በብርድ አገር በሶብላ መቼ ይዘራል?

በሚኒያፖሊስ፣ በቶሮንቶ፣ በስቶክሆልም ወይም በኦስሎ የሚኖር ሐበሻ ትንሽ ጓሮ ወይም በረንዳ ሲያገኝ ልቡ ቶሎ የሚሄደው ወደ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ድንብላልና ጦስኝ ነው። ዘሩ ተፈልጎ ይገኛል፤ ፀሐይ ወጥታ ካፖርት በሚወልቅበት የመጀመሪያ ሞቃት ሳምንትም ይዘራል። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይደርሳል፤ ወይ ዘሩ እርጥብ አፈር ውስጥ በስብሶ ይቀራል፣ ወይ በቅሎ ደስ ካሰኘ በኋላ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ያድራል። በዓመቱም ያው ይደገማል። በመጨረሻ «ይህ አገር ለቅመም አይሆንም» ተብሎ መደቡ ለሣር ይለቀቃል። ይህ ምዕራፍ የሚሞግተው ይህን ፍርድ ነው። በብርድ አገር የወጥ ቅጠልን በአብዛኛው የሚያጠፋው ብርዱ ራሱ አይደለም፤ ያለጊዜው መዝራት፣ ያለጊዜው መትከልና ያለጊዜው መሸፈን ነው። እያንዳንዱ ተክል የራሱ ጊዜ አለው። ያ ጊዜ ደግሞ ሦስት ነገሮችን አብሮ በማየት ይታወቃል፤ የውርጩን ዕድል፣ የአፈሩን ሙቀትና የቀኑን ርዝመት። በዚህ ምዕራፍ ወራቱ የሚጠሩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ በዚያ አገር የአየር ትንበያውም የዘር ፓኬቱም የሚናገሩት በእሱ ነውና።

ስህተቱ ከስንፍና የመጣ አይደለም። የእርሻ እውቀታችን በዝናብ ላይ የተገነባ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በወራቱ መካከል ያለው የአማካይ ሙቀት ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው፤ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠውም በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ዘሪው የሚጠይቀው «ዝናቡ ያዘ ወይ?» ብሎ ነው፤ መልሱ አዎ ከሆነ ሙቀቱም ብርሃኑም ይከተላሉ። በሚኒያፖሊስ ግን፣ 45 ዲግሪ ላይ፣ የጃንዋሪ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲሆን የጁላይ ከዜሮ በላይ 23 ገደማ ነው። የቀኑ ርዝመት በዲሴምበር ከ9 ሰዓት ያንሳል፤ በጁን 15 ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ስቶክሆልም ላይ ልዩነቱ ይብሳል፤ ከ6 ሰዓት እስከ 18 ሰዓት ተኩል ይሄዳል። እዚያ ውኃ ከቧንቧ ይገኛል፤ የሚጎድለው ሙቀትና ብርሃን ነው፣ እነሱም የሚመጡት በየራሳቸው ቀን ነው። በኤፕሪል ብርሃኑ ሞልቶ አፈሩ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ በኦክቶበር አፈሩ ገና ለብ ብሎ ብርሃኑ አልቋል። የመጀመሪያዋ ሞቃት ሳምንት የምታታልለው ስለዚህ ነው። አየሩን እንጂ አፈሩን አላሞቀችም፤ ወደፊት ስለሚመጣው ሌሊትም የምትነግረን ነገር የለም።

የውርጭ ቀን ምን ማለት ነው?

በሰሜኑ አገር የአትክልት መጻሕፍትም የዘር ፓኬቶችም ሁሉንም ነገር የሚቆጥሩት ከአንድ ቀን ተነሥተው ነው፤ ከጸደዩ የመጨረሻ ውርጭ። «ከመጨረሻው ውርጭ ስድስት ሳምንት በፊት ቤት ውስጥ ይዘራ»፣ «ከመጨረሻው ውርጭ በኋላ ይተከል» ይላሉ። ይህ ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን ቀኑ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ለሚኒያፖሊስ የሚጠቀሰው ቀን በኤፕሪል መጨረሻ ገደማ ነው። ይህ አማካይ ነው። አማካይ ማለት ደግሞ ከሁለት ዓመት በአንዱ ውርጭ ከዚያ ቀን በኋላም ይወርዳል ማለት ነው። በዚያ ቀን በሶብላውን ያወጣ ሰው ግማሽ በግማሽ በሆነ ዕድል ችግኙን አሲዞ ይጫወታል። አንዳንዱ ዓመት ውርጩ እስከ ሜይ አጋማሽ ይዘልቃል። ስለዚህ ብርድ የማይችለውን ተክል የሚያወጣ ሰው መጠየቅ ያለበት አማካዩን ቀን ሳይሆን ውርጭ ከአሥር ዓመት አንዴ ብቻ የሚደርስበትን ቀን ነው። የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤቶች ይህንንም በየከተማው ያወጣሉ፤ በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፣ ብዙ በሶብላ የሚሞተውም በዚያው ሁለት ሳምንት ውስጥ ነው።

የመካከለኛው አውሮፓ ገበሬዎች ይህን ከቴርሞሜትር በፊት ተረድተውት ነበር። በጀርመንና በአካባቢው ከሜይ 11 እስከ 15 ያሉትን የቅዱሳን መታሰቢያ ቀኖች «የበረዶ ቅዱሳን» ይሏቸዋል፤ የመጨረሻዋ፣ ሜይ 15 የምትውለው፣ «ቀዝቃዛዋ ሶፊያ» ናት። ለብርድ የሚሰጋ ችግኝ ከእሷ በፊት ከቤት አይወጣም። ሥራውንና ወቅቱን በቅዱሳን በዓላት ለሚቆጥር የእኛ ገበሬ ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። ውርጩ በየዓመቱ በእነዚያ ቀኖች ይወርዳል ማለት አይደለም፤ ልማዱ የያዘው ቁም ነገር አማካዩን አሳልፎ የመጠበቅ ጥንቃቄ ነው፣ እሱም ዛሬ ቁጥሩ ከሚመክረው ጋር ይገጥማል።

ውርጭን ለማወቅ ኢትዮጵያዊ እስኪሰደድ መጠበቅ የለበትም። በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በመንዝ፣ በአርሲና በባሌ ደጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውርጭ ባቄላና ምስር ሲያቃጥል ይታያል። የሚወርደውም ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በጸጥታ ባደረ ሌሊት ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት ምድር ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ወርዶ በረባዳው ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው ሜዳው ሲመታ ተረተሩ የሚተርፈው። ይህ እውቀት በሚኒሶታ ጓሮም ይሠራል። የአየር ትንበያ የሚለካው ከመሬት 2 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ትንበያው «2 ዲግሪ» ባለበት የጠራ ሌሊት መሬት ላይ ያለው ቅጠል ውርጭ ሊይዘው ይችላል። በግድግዳ ጥግና በተዳፋት ላይ ያለ መደብ ይተርፋል፤ በአጥር ታችኛው ጥግ፣ አየሩ በሚቋጠርበት፣ ያለው አይተርፍም። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በደጋችን ውርጩ የሌሊት ነው፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ትፈታዋለች፣ አፈሩም ከውስጥ አይረጋም። በሰሜኑ ግን አፈሩ ራሱ ለወራት ይረጋል። ስለዚህ የደጋ ተክል ሁሉ የሰሜኑን ብርድ ይችላል ብሎ ማሰብ አያዋጣም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መደናገር አለ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር አገሩን በ13 የብርድ ዞኖች የከፈለበት ካርታ አለ፤ ብዙ ሰው የዘር ጊዜውን ከእሱ ለማንበብ ይሞክራል። ካርታው የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዓመት ውስጥ የሚመዘገበው ዝቅተኛ ሙቀት በ30 ዓመት አማካይ ስንት እንደሚደርስ። በ2023 በወጣው ካርታ ሚኒያፖሊስ በዞን 5 ቀዝቃዛ ግማሽ ውስጥ ናት፤ ይህም ከዜሮ በታች ከ26 እስከ 29 ዲግሪ ያህል ማለት ነው። ቁጥሩ የሚነግረን ጦስኙ ክረምቱን ከቤት ውጭ ይወጣዋል ወይስ አይወጣውም የሚለውን ነው። በሶብላ መቼ ይዘራ፣ ድንብላል መቼ ያብባል ለሚለው ግን መልስ የለውም። ሲያትልና የቴክሳሷ ኦስቲን በዞን ቁጥር ተቀራራቢ ናቸው፤ የሲያትል በጋ ለብ ያለ ሲሆን የኦስቲን የሚያቃጥል ነው፣ የሁለቱ የበሶብላ ወቅትም አይመሳሰልም። ካርታው ለቋሚ ተክል ምርጫ ነው፤ ለዘር ቀን የውርጩ ቀንና የአፈሩ ቴርሞሜትር ያስፈልጋሉ።

አፈሩን መለካት

ዘር የሚበቅለው በአየሩ ሙቀት ሳይሆን በተኛበት አፈር ሙቀት ነው። ድንብላል፣ ዲልና ፓርስሊ አፈሩ 10 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መብቀል ይጀምራሉ፤ ከዚያ በታችም ቢሆን ሳይበሰብሱ ይጠብቃሉ። በሶብላ ግን 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በ12 ዲግሪ እርጥብ አፈር ውስጥ የተዘራ በሶብላ አይበቅልም፤ ዘሩ በውኃ ሲነካ የሚያወጣው ለስላሳ ሽፋን ተለጥፎበት ሻጋታ እስኪያገኘው ይቀመጣል። በቅሎ ቢገኝ እንኳ ግርጌው ቀጥኖና ጠቁሮ የሚወድቅበት የፈንገስ በሽታ ይጠብቀዋል። መለኪያው ርካሽ ነው፤ የምግብ ቴርሞሜትር ይበቃል። በጠዋት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ ይተከልና ይነበባል፤ ይህ ለአራት ለአምስት ቀን ይደገማል። ከሰዓት በኋላ የሚነበብ ቁጥር ያታልላል፤ ዘሩ ሌሊቱንም እዚያው ያድራልና። ከፍ ተደርጎ የተሠራ መደብ ቶሎ ይሞቃል፤ ውኃ የሚቋጥር ጥቁር ሸክላ ይዘገያል። በአንድ ሰፈር ውስጥ ባሉ ሁለት ጓሮዎች መካከል ያለው ልዩነት ከሳምንት ሊበልጥ ይችላል። «ጎረቤቴ ዘርቷል» የሚለው ማስረጃ ስለዚህ አይበቃም።

ሦስት ዓይነት ጠባይ

ይህን ከያዝን በኋላ የወጥ ቅጠሎችን በጠባያቸው መክፈል እንችላለን፤ ብርድ የሚገድላቸው፣ ብርድ የሚስማማቸውና ከብርዱ ጋር ዓመት ከዓመት የሚኖሩ። የመጀመሪያው ወገን አውራ በሶብላ ነው። በሶብላን የሚጎዳው ውርጭ ብቻ አይደለም። ከ10 ዲግሪ በታች ባለ ሌሊት፣ ውኃ ለመርጋት ገና ብዙ ሲቀረው፣ የሕዋሱ ሽፋን ይጠነክራል፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይወጣል። ጠዋት ሲታይ ቅጠሉ በጠርዙ በኩል ውኃ የጠጣ ይመስላል፤ እኩለ ቀን ላይ ጠቃጠቆው ጥቁር ይሆናል፣ ቀንበጡም ይንጠለጠላል። ትኩስ በሶብላ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር የሚጠቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፍሪጁ ከዜሮ በላይ ሆኖ እንኳ ለእሱ ብርድ ነው። ስለዚህ ለበሶብላ «ውርጩ አለፈ» ማለት አይበቃም፤ ሌሊቱ በተከታታይ ከ10 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት። ሚኒያፖሊስ ላይ ይህ የሜይ መጨረሻ ወይም የጁን መጀመሪያ ነው። በዚያን ጊዜ የሚተከለው ችግኝ ቤት ውስጥ ከስድስት ሳምንት ገደማ በፊት፣ በኤፕሪል አጋማሽ፣ ተዘርቶ መቆየት አለበት፤ ከመውጣቱ በፊትም ለሳምንት ያህል በየቀኑ ጥቂት ሰዓት ጥላ ውስጥ እየወጣ ፀሐይንና ነፋስን መላመድ ይገባዋል።

የእኛ በሶብላ ከጣሊያኑ ጋር አንድ ዝርያ ቢሆንም የምንፈልገው ነገር ይለያል። ጣሊያናዊው ለስላሳውን ቅጠል ለሶስ ሲፈልግ፣ እኛ ለበርበሬ፣ ለሽሮና ለንጥር ቅቤ የምናደርቀው ያበበውን ጫፍም ጭምር ነው። አበባ ደግሞ ከቅጠል በኋላ የሚመጣ በመሆኑ ረዘም ያለ ወቅት ይጠይቃል። በጁን አጋማሽ መሬት ላይ በቀጥታ የተዘራ በሶብላ ለሰላጣ ቅጠል ይደርሳል፤ ለሙሉ አበባ ግን የሴፕቴምበር ሌሊቶች ሊቀድሙት ይችላሉ። ስለዚህ በብርድ አገር በሶብላን ቤት ውስጥ ማፍላት ለጣሊያናዊው ምቾት ነው፤ ለሐበሻ ግን ግዴታ ነው። የአጨዳውም ጊዜ ከዚሁ ይወጣል። አበባው ፈክቶ ዘሩ ሳይበስል፣ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሳይወርድ፣ በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር መጀመሪያ ይታጨዳል፤ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። ውርጭ እስኪመጣ ልጠብቅ ያለ ሰው መዓዛውን ያጣል።

ሁለተኛው ወገን ድንብላል፣ ዲልና ፓርስሊ ናቸው። እነዚህ ቀላል ውርጭ ይችላሉ፤ የሚያበላሻቸው ሙቀትና ረጅም ቀን ነው። ድንብላል ቀኑ ሲረዝምና አየሩ ሲሞቅ ቅጠል ማውጣቱን ትቶ ግንዱን ሽቅብ ይመዛል፣ ያብባል። በአዲስ አበባ ቀኑ ከ12 ሰዓት ብዙም ስለማይርቅ ይህ ግፊት ደካማ ነው፤ 15 ሰዓት ተኩል ብርሃን ባለበት የጁን መደብ ላይ ግን ብርቱ ነው። «ሙቀት ይምጣ» ብሎ ድንብላልን እስከ ጁን ያቆየ ሰው ጥቂት ቅጠል ብቻ ያገኛል። ለቅጠል የሚፈልገው ከመጨረሻው ውርጭ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀድሞ፣ አፈሩ ለመኮትኮት እንደደረሰ፣ ይዝራ፤ በየሁለት ሳምንቱ ይደግም፤ ጁን ላይ ያቁም፤ ቀኑ ማጠር ሲጀምር፣ በኦገስት መጀመሪያ፣ እንደገና ይዝራ። የኋለኛው ዘር ብዙ ጊዜ ከጸደዩ ይሻላል፤ ወደ ብርዱ እየሄደ ስለሚያድግ ለአበባ አይቸኩልም። የድንብላሉን ፍሬ ለሚፈልግ ግን ይኸው ረጅም ቀን ወዳጅ ነው፤ በሜይ የተዘራው ቶሎ አብቦ ለፍሬ ይደርሳል። አንድ ተክል፣ ሁለት ጥቅም፣ ሁለት የዘር ቀን። ፓርስሊ ደግሞ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ለመብቀል ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ስለሚወስድ ብዙ ሰው «አልበቀለም» ብሎ መደቡን ይገለብጠዋል። ዘሩን ለአንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ አሳድሮ መዝራት ይረዳዋል። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ይሰጣል፤ የሚያብበው የብርዱን ወራት ካሳለፈ በኋላ በሁለተኛው ነው።

ሦስተኛው ወገን ጦስኝ፣ ኦሬጋኖ፣ ሴጅ፣ ናናና ቻይቭስ የሚባለው ቀጭን የቅጠል ሽንኩርት ናቸው። ቻይቭስና ናና እጅግ ብርድ ቻይ ናቸው፤ የአውሮፓው ጦስኝ የሚኒያፖሊስን ብርድ ሊወጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይወጣም። ምክንያቱን መሬቱ ላይ ማየት ይቻላል። በማርች የሞተ የጦስኝ ቁጥቋጦ ሲታይ ግርጌው ከአፈሩ በጣት ውፍረት ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ነጫጭ ሥሮቹ ተጋልጠው በነፋስ ደርቀዋል። አፈሩ ቀን እየሟሟ ሌሊት እየረጋ ሲሄድ በውስጡ ያለው በረዶ አብጦ ተክሉን ወደ ላይ ነቅሎታል። ሥሩ ውኃ በቋጠረ ሸክላ ውስጥ ከነበረም በስብሷል። ገዳዩ የሙቀቱ ዝቅታ ብቻ አልነበረም፤ መመላለሱና እርጥበቱ ናቸው። የጠለቀ በረዶ እንደ ጋቢ ይሸፍናል፤ ከሥሩ ያለው አፈር አየሩ 25 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲሆን እንኳ ከዜሮ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ በረዶ ያልጣለበት ደረቅ ብርድ ከበረዷማው ይከፋል።

ከዚህ ሦስት የጊዜ ሕጎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ቋሚ ተክል በጸደይ ወይም አፈሩ ከመርጋቱ ስድስት ሳምንት ቀድሞ ይተከል፤ ሥሩ አፈሩን ለመያዝ ጊዜ ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ ከኦገስት መጨረሻ በኋላ ማዳበሪያም አይሰጠው፣ በብርቱም አይቆረጥ። ተክሉ ቀኑ ሲያጥርና አየሩ ሲበርድ ስኳር እያጠራቀመ የሕዋሱን ሽፋን ለብርድ ያዘጋጃል፤ በዚያ ሰዓት ማዳበሪያ አዲስ ለስላሳ ቀንበጥ ያስወጣውና ዝግጅቱን ያፈርስበታል። ሦስተኛ፣ ጉዝጓዙ የሚለብሰው አፈሩ ከረጋ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ተክሉን ከብርድ ላድን ብሎ በኦክቶበር ሙቅ አፈር ላይ ገለባ ይከምራል፤ የጉዝጓዙ ሥራ ግን አፈሩን ማሞቅ አይደለም። የረጋው እንደረጋ እንዲቆይና መመላለሱ እንዲቀር ማድረግ ነው። ቀድሞ የተከመረ ገለባ እርጥበት አፍኖ አይጥ ያስገባል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ወገን መካከል የሚዋልሉ ተክሎች አሉ። የጥብስ ቅጠል የምንለው ሮዝመሪ ጥቂት ዲግሪ ውርጭ ይችላል፤ የሚኒሶታን ጃንዋሪ ግን አይችልም። ጤና አዳማችን በአውሮፓ ጓሮዎች ከሚታወቀው ዘመዱ ይልቅ ለብርድ ስስ ነው። ኮሰረትም የብርዱን ወራት ደጅ አያድርም። እነዚህ በሸክላ ዕቃ ይተከላሉ፤ በጋውን ደጅ ውለው ሌሊቱ ወደ 5 ዲግሪ ሳይወርድ ይገባሉ። ዕቃ ውስጥ ያለ ተክል ሥሩ ከጎንም ብርድ ስለሚመታው መሬት ላይ ካለው ቀድሞ ይሞታል፤ ቻይ የሚባለው ጦስኝ እንኳ በረንዳ ላይ ባለ ትንሽ ዕቃ ውስጥ አስተማማኝ አይደለም። ኮረሪማ ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የጥላ ደን ተክል ነው፤ በሰሜን ጓሮ በምንም ቀን ቢተከል አይሆንም። ጊዜ ብዙ ነገር ይፈታል ስንል ሁሉን ይፈታል ማለታችን አይደለም።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ይህ ሁሉ ለምን? መስኮት ላይ ዓመቱን ሙሉ ማብቀል ይቻላል» የሚል ነው። ቤት ውስጥ ሙቀቱ አለ፤ እውነት ነው። የጎደለው ብርሃኑ ነው። በዲሴምበር ሚኒያፖሊስ ላይ ቀኑ ከ9 ሰዓት ያንሳል፣ ፀሐይዋም ዝቅ ብላ ስለምትሄድ በመስኮት የምትገባው ደካማ ናት። በዚያ ብርሃን በሶብላ ግንዱ ቀጥኖ ወደ መስታወቱ ይሳባል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ መዓዛውም ይሳሳል፤ መስታወቱን የነካው ቅጠልም ይጠቁራል። የኤልኢዲ መብራት ከ14 እስከ 16 ሰዓት ከቅጠሉ በላይ በቅርብ ከበራ ችግሩ ይፈታል። ለችግኝ ማፍያ ይህ መብራት ጥሩ ወጪ ነው፤ ለስድስት ሳምንት ብቻ ይበራል። ለዓመት የሚበቃ ደረቅ በሶብላ በመብራት ማምረት ግን ቦታም ኤሌክትሪክም ይበላል። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ መደብ በትክክለኛው ሳምንት ቢተከል መብራት ከበራበት መደርደሪያ ይበልጣል።

ሁለተኛው «ዓለም እየሞቀ ነው፤ የድሮው ቀን አይሠራም፣ ቀደም ብለን እንዝራ» የሚል ነው። መነሻው ትክክል ነው። የ2023ቱ የዞን ካርታ ከ2012ቱ ጋር ሲነጻጸር ከአሜሪካ ግማሽ ያህሉ ወደሚሞቀው ግማሽ ዞን ተዛውሯል። መደምደሚያው ግን አይከተልም። ቀደም ብሎ የሚመጣ ሙቀት ውርጩን አብሮ አይወስደውም። በማርች 2012 የአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ከልማዱ ውጭ ሞቀ፤ በሚቺገን የፍራፍሬ ዛፎች ከጊዜያቸው ቀድመው አበቡ፤ በኤፕሪል የተለመደው ውርጭ ሲመጣ የግዛቱ የፖምና የቼሪ ምርት ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህሉ ጠፋ። ውርጩ ያልተለመደ አልነበረም፤ ያልተለመደው የቀደመው ሙቀት ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ብርድ ቻዩን ድንብላል በድፍረት ማስቀደም፣ በሶብላውን ግን ሌሊቱን እየለኩ ማቆየት ነው። የአየር ንብረት ሲናወጥ ቀንን በቃል መያዝ ዋጋው ይቀንሳል፤ ቴርሞሜትር ማንበብ ዋጋው ይጨምራል።

ሦስተኛው ከሁሉ ተጨባጭ ነው፤ «ደረቁ በሶብላ ከሐበሻ ሱቅ ይገዛል፤ ምን አደከመን?» ይላል። ደረቅ ቅመም መግዛት ነውር የለውም፤ በርበሬና ሽሮ ለሚያሰናዳ ቤት ጓሮው ብቻውን ላይበቃም ይችላል። ሆኖም ትኩስ ጤና አዳም ለቡና፣ ትኩስ ድንብላል ለዳጣ፣ ትኩስ ጦስኝ ለሻይ ከፓኬት አይወጡም። የቅጠል መዓዛ የሚኖረው በቶሎ በሚተን ዘይት ነው፤ ከታጨደ፣ ከደረቀ፣ ከተጓጓዘና ወራት መደርደሪያ ላይ ከቆየ በኋላ ብዙው ሄዷል። ከዚህ በላይ ደግሞ ልጆች አሉ። እዚያ የተወለደ ልጅ በሶብላን የሚያውቀው ቡናማ ዱቄት ሆኖ ከሆነ ግማሹን ብቻ ያውቃል፤ አበባው ሐምራዊ መሆኑን፣ ንብ እንደሚወደው፣ ጫፉ ሲቀነጠስ ወደ ጎን እንደሚሰፋ የሚማረው መደቡ አጠገብ ነው። ይህ እውቀት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያልፈው ተክሉ በሕይወት ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ በትክክለኛው ሳምንት መዝራት የምግብ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የሚኒያፖሊስን ዓመት እንደ ምሳሌ ብንወስድ ሥራው እንዲህ ይደረደራል። በማርች ሁለተኛ አጋማሽ ቀስ ብለው የሚያድጉት ጦስኝ፣ ጤና አዳምና ፓርስሊ ቤት ውስጥ ይዘራሉ። በኤፕሪል አጋማሽ በሶብላ ቤት ውስጥ፣ ድንብላልና ዲል ደግሞ ደጅ ይዘራሉ። በሜይ ቋሚዎቹ ይተከላሉ። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ሲጸና፣ በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን መጀመሪያ፣ በሶብላ ይወጣል። በኦገስት መጀመሪያ ድንብላል ይደገማል፤ በመጨረሻው ማዳበሪያ ይቆማል፣ በሶብላ መታጨድ ይጀምራል። በሴፕቴምበር በዕቃ ያሉት ይገባሉ። በኦክቶበር ነጭ ሽንኩርት ይተከላል፤ እሱ ራሱን ለመክፈል የብርዱን ወራት የሚሻ ተክል ነው። አፈሩ ከረጋ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከኖቬምበር ማለቂያ ጀምሮ፣ ጉዝጓዙ ይለብሳል። በሌላ ከተማ ያለ አንባቢ ቀኖቹን ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ይውሰድ፤ ቀኖቹን ከራሱ ከተማ የውርጭ ሰንጠረዥ ይሙላ።

እንግዲህ «ይህ አገር ለቅመም አይሆንም» የሚለው ፍርድ ማስረጃ የለውም። ያለው ማስረጃ የሚያሳየው ብርድ አገር ለአብዛኛው የወጥ ቅጠል የሚበቃ ወቅት እንዳለው፣ ወቅቱ ግን ጠባብ በመሆኑ ስህተት የማይምር መሆኑን ነው። አንባቢው ዘንድሮ አንድ ነገር ብቻ ቢያደርግ ይህን ያድርግ፤ የበሶብላውን ፓኬት ከመክፈቱ በፊት ቴርሞሜትር ይግዛ፤ የዘራበትን ቀን፣ የአፈሩን ሙቀትና ውርጭ የወደቀበትን ሌሊት ደብተር ላይ ይጻፍ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ደብተር ከማንኛውም መጽሐፍ፣ ከዚህኛውም ጭምር፣ ለዚያ ጓሮ የታመነ መምህር ይሆናል።